ንፋስ የሰበረው እንጨት

ይገረም፣

ይርጋለም ሄጃለሁ። ቁልፉ እትዬ ሸዋገነት ጋ ነው። ውሃ ነገ ስለሚመጣ በርሜሉን ሙላ።

አቮካዶው ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ቀርታለች። ከተከተበችበት በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ቀንጥስ፤ እሱ የድሮው ዛፍ ነው፣ ያፍናታል። ልብስ አታስጣባት። አደራ ግን አልልህም።

አምና ሦስቱን ቅርንጫፎች በድሮው ግንድ ላይ ሰክቼ ስከትብ "ዛፍም ይከተባል እንዴ? ካርዱስ የታለ?" ብለህ አስቀኸኛል። ከአባቴ ዛፍ ቆርጬ እንዳመጣኋቸው፣ ያ ዛፍም በኋላ ለመንገድ ተብሎ እንደተነቀለ ታውቃለህ።

ሁለቱን ንፋስ ሰበራቸው አልከኝ። ንፋስ የሰበረው እንጨት ይሰነጠቃል፣ ቃጫው ይወጣል። የእነዚህ ቁርጥ ግን ለስላሳና ሰያፍ ነው፣ ልክ በቢላዋዬ ቆርጬ እንዳሳየሁህ።

ዛሬ ጠዋት አማኑኤል ጀርባ ያለው ችግኝ ሻጭ ዘንድ አየኋቸው። እንዳይደርቁ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ጨርቁ የእኔ ፎጣ ቅዳጅ ነው።

ካስተማርኩህ አንድም አልረሳህም።

ሽሮው ከመደርደሪያው ላይ አለ፤ ጨርሰው።

ብትጠይቀኝ ኖሮ ራሴ እቆርጥልህ ነበር። ቢላዋዬን ይዤው ሄጃለሁ።

አሸብር