ቃል ሳያጎድሉ ያስተረጎሙት ኦቦ ኩማ ባቻ
(፲፱፻፲፯ – ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.)

ኦቦ ኩማ ባቻ ከአባታቸው ከኦቦ ባቻ ጆቴና ከእናታቸው ከአዴ ሎሚ ጨመዳ፣ ከሲሬ ወደ ነቀምቴ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ በምትገኘው በቡርቃ ዲማ ከተማ፣ በጥቅምት ወር ፲፱፻፲፯ ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ነቀምቴ ከሚኖሩት አጎታቸው ዘንድ ተልከው በሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን ከመጽሐፍ ቅዱስና ከሰፈር ልጆች ተማሩ። ጠላት አገሩን ሲወር ትምህርታቸው ተቋርጦ ከአባታቸው ጋር እርሻ ላይ ከረሙ። ከነጻነት በኋላ ተመልሰው ያቋረጡትን ጨረሱ፤ ጥቂት ዓመታትም በአስተማሪነት አገለገሉ።

በ፲፱፻፵፫ ዓ.ም. ከወይዘሮ አሰፋች ዋቅወያ ጋር በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ጨመዳን፣ የሺአረግንና ትዕግሥትን ወለዱ። በ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. በትውልድ ከተማቸው ማዘጋጃ ቤት በአስተርጓሚነት ተቀጠሩ።

የዚህ ሥራ ምንነት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ቢሮው የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ ደጁን ሞልቶ የሚውለው ባለጉዳይ ግን ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ሰው በገዛ አገሩ ቤት ለመሥራት ሲያስፈቅድ፣ ቦታው ሲለካበት፣ ሲከሰስ፣ ሲፈረድበት፣ የሚናገረውም የሚሰማውም በሌላ ሰው አፍ ነው። በብዙ ቢሮዎች የአስተርጓሚ ልማድ የታወቀ ነው። ከታች የሚመጣውን አቤቱታ አሳጥሮና አለስልሶ ወደ ላይ ያደርሳል፤ ከላይ የሚመጣውን ደግሞ «ሂድ» ወይም «ነገ ና» ብቻ አድርጎ ያወርዳል። ኦቦ ኩማ በዚህ ልማድ አልሄዱም። አንዲት መበለት ስታለቅስ የተናገረችውን፣ ለቅሶዋን እንኳ ሳይቀር፣ «እያለቀሰች የምትለው እንዲህ ነው» ብለው ያቀርቡ ነበር። ስለዚህ ባለጉዳይ ሌላውን አስተርጓሚ ትቶ የእሳቸውን ተራ ይጠብቃል። አለቆቻቸው ግን ነገር ያንዛዛል ብለው ይነጫነጩባቸው ነበር።

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ለቡርቃ ዲማ የቧንቧ ውሃ ሊገባ ነው ተባለ። የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ቧንቧውን ማቅረብ፣ የሕዝቡ ድርሻ ደግሞ ቦዩን መቆፈር ሆነ። ይህንን ለሕዝቡ ያስታወቁት ኦቦ ኩማ ናቸው፤ ራሳቸውም ከሥራ ሲወጡ ዶማ ይዘው ይቆፍሩ ነበር። ወንዱ ድንጋይ ፈለጠ፣ ሴቱ አፈር በእንቅብ አወጣ። ከምንጩ እስከ ከተማው ያለው ቦይ በአንድ በጋ አለቀ። በምረቃው ቀን በሬ ታረደ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ከገበያው በታች የቆመው ቦኖም ለሕዝብ ተከፈተ። እንግዶቹ በሄዱ ማግስት ግን ተዘጋ። «ውሃው አነስተኛ ነው» ተባለ። ያ አነስተኛ ውሃ ሌት ተቀን የሚወርደው በከተማው ሹም ግቢ ውስጥ ነበር። ሹሙ የጎመንና የሙዝ አትክልት ነበራቸው።

የታችኛው ሰፈር ሕዝብ እንደ ቀድሞው ከወንዙ መቅዳት ቀጠለ። የከተማው ቄራ ከሚቀዱበት ቦታ በላይ፣ በወንዙ ዳር መሠራቱን ግን ማንም ግምት ውስጥ አላስገባም። በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ክረምት ተቅማጥ ገብቶ የብዙ ቤት ልጅ ወሰደ። የኦቦ ኩማና የወይዘሮ አሰፋች የመጨረሻ ልጅ ትዕግሥትም በዚያ ክረምት አረፈች። አራተኛ ዓመቷን ገና አልያዘችም ነበር። ወይዘሮ አሰፋች እስከ ዛሬ የዚያን ወንዝ ድልድይ አይሻገሩም፤ ዞረው በላይኛው መንገድ ይሄዳሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ከነቀምቴ አንድ ተቆጣጣሪ መጡ። ሕዝቡ በማዘጋጃ ቤቱ ሜዳ ተሰበሰበ። ተቆጣጣሪው ስለ ውሃው ጠይቀው ከሴቶቹ አንዷ እንድትናገር ፈቀዱ። የተነሡት አዴ ድርቤ ነበሩ፤ ጠላ ሸጠው ልጆች የሚያሳድጉ፣ ከትዕግሥት ጋር በአንድ ሳምንት ወንድ ልጃቸውን የቀበሩ ጎረቤት። አዴ ድርቤ በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ የከተማው ሹም ወደ ኦቦ ኩማ ጠጋ ብለው «አመስግናለች በል፤ አሳጥረው» አሏቸው።

ኦቦ ኩማ ግን ወደ ተቆጣጣሪው ዞረው ከመጀመሪያው ጀመሩ። «አዴ ድርቤ የሚሉት ይህ ነው። ቦዩን የቆፈርነው እኛ ነን። ውሃው በደጃችን ሥር አልፎ ሹሙ ግቢ ገባ። ጎመናቸው የምንጩን ውሃ ይጠጣል፣ ልጆቻችን የቄራውን እጣቢ ይጠጣሉ። ባለፈው ክረምት ልጅ የቀበረ እጁን ያውጣ ብትሉ፣ ከዚህ ሜዳ ስንት እጅ እንደሚወጣ ታያላችሁ።» ይህን ብለው ሲያበቁ የገዛ እጃቸውን አወጡ። ሴቶቹም የተባለው ባይገባቸውም የወጣውን እጅ አይተው እጃቸውን አወጡ።

ሹሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ለተቆጣጣሪው በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ እንዲህ አሉ። «ጌታዬ፣ እነዚህ ከወንዝ መጠጣት የለመዱ ናቸው። ቧንቧ ቢሰጣቸው ያበላሹታል። ልጅም እንደሆነ በየዓመቱ ይወልዳሉ።»

አስተርጉም ያላቸው አልነበረም። ኦቦ ኩማ ወደ ሕዝቡ ዞረው የተባለውን ሁሉ፣ የመጨረሻዋን ቃል ጨምረው፣ በኦሮምኛ ተናገሩ።  ሹሙ ክንዳቸውን ይዘው ማን አዘዘህ ብለው ጠየቋቸው። ኦቦ ኩማም «የተነገረው ስለ እነሱ ነው፤ ሊሰሙት ይገባል» ብለው መለሱ።

ተቆጣጣሪው ቦኖው በዚያው ቀን እንዲከፈት አዘዙ፤ ተከፈተም። በማግስቱ መኪናቸው ከከተማው ሲወጣ ቦኖው ተመልሶ ተዘጋ፤ ኦቦ ኩማም ከሥራ ተባረው ታሰሩ። ክሱ ሕዝብን በባለሥልጣን ላይ ማነሣሣት ነው። ሹሙ የተናገሩትን ቃል መድገም ወንጀል ሆኖ፣ ቃሉን መናገር ወንጀል ያልሆነበትን ሕግ እስከ ዛሬ ያስረዳን የለም።

ሴቶቹ ግን ወደ ቤት አልተመለሱም። አዴ ድርቤ እንስራቸውን አዝለው የሹሙ ግቢ በር ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ተከተሏቸው። ነጭ ለባሽ የሚባሉት ታጣቂዎች ሲያባርሯቸው ይነሡና ተመልሰው ይቀመጣሉ። በሩ በእንስራ ስለታጠረ ሹሙ እንግዳ መቀበል አልቻሉም። በመጨረሻ ቧንቧው ወደ ቦኖው ተመለሰ፤ ከተማችን ዛሬም የምትጠጣው ከዚያ ነው። ሹሙ ትንሽ ቆይተው የማዕረግ ዕድገት አግኝተው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። በቦኖው ላይ የተለጠፈው እብነ በረድ ውሃውን ለሕዝብ ያስገቡት እሳቸው መሆናቸውን ይናገራል።

ኦቦ ኩማ ያን ክረምት በወህኒ ቤት፣ ውሃ በሚያቁር ወለል ላይ ተኝተው አሳለፉ። ደረታቸውን የያዛቸው ሕመም እዚያ ጀመራቸው። ዋስ የሚሆን ሰው በጠፋ ጊዜ፣ ከጎጃም መጥተው በከተማችን የሚኖሩት ግራዝማች ዓምደሚካኤል ማንም ሳይለምናቸው ቀርበው ዋስ ሆኗቸው። ሹሙ ወዳጅነታቸውን እንደሚያጡ ቢያስጠነቅቋቸው፣ ግራዝማች ያን ወዳጅነት ካሁን በኋላ እንደማይፈልጉት ነገሯቸው።

ከእስር ሲወጡ ወደ መንግሥት ሥራ እንዳይመለሱ ተደረገ። በአባታቸው መሬት እያረሱ ኖሩ። በችሎት ቀን ግን ከፍርድ ቤቱ በር አይጠፉም ነበር፤ አቤት ለማለት የመጣውን በነጻ ያስተረጉሙለታል። ዳኞቹም እየቆየ መቃወሙን ትተው ይጠሯቸው ጀመር። ልጆቻቸውን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ቤት ውስጥ ቁጡ አልነበሩም፤ ውሃ በከንቱ ሲፈስ ካዩ ብቻ ይቆጡ ነበር።

በያዝነው ዓመት ሕመማቸው ጠናባቸው። በከተማችን ክሊኒክ አለ፤ ቆርቆሮው የሚያምር፣ ከተመረቀ ወዲህ ግን ሐኪም ያልገባበት ቤት ነው። ወደ ነቀምቴ ለመውሰድ የማዘጋጃ ቤቱ ላንድሮቨር ተለመነ። መኪናው ለሥራ ብቻ ነው ተባልን። በዚያው ዕለት መኪናው ከገበያ በግ ጭኖ ሲመለስ ሁላችንም አይተነዋል። ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገዱ አደረሷቸው፤ ከሲሬ የመጣው አውቶቡስ ተሳፋሪዎችም ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው። ነቀምቴ ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ሆኖም ጊዜው አልፎ ነበርና ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ይህ የሕይወት ታሪክ ከመነበቡ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲታይ ትናንት ተጠይቀን ነበር። አላሳየንም። የጻፈው የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ዋቅወያ ዱቤ ነው፤ ጥያቄ ያለው ከቀብር በኋላ ቤቱ ያገኘዋል።

ኦቦ ኩማ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አሰፋች ዋቅወያን፣ ልጆቻቸውን ጨመዳ ኩማንና የሺአረግ ኩማን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ እኅት ወንድሞቻቸውንና በእሳቸው አፍ አቤት ያለውን ሕዝብ ትተው ሄደዋል። የተጠማ በሚረካበት፣ የሰው ቃል ሳይጎድል በሚሰማበት በአምላካቸው ፊት ነፍሳቸውን በልጃቸው በትዕግሥት አጠገብ ያኑርልን። ለወይዘሮ አሰፋችና ለልጆቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።