የተቀላቀለው ዲሙይ

ሰኞ፣ የካቲት 9። ጠዋት

ጎረቤቴን አጁሉን ትኩሳቱ ዛሬም አልለቀቃትም። ወባ ነው፣ ደሟም አንሷል ተባለ፤ ሆስፒታል ተኝታለች። ትልቋ ልጇ አባንግ ከጎግ መጥታ አብራት ታድራለች። ወንዱ ልጇ ኦሞድ ምግብ ያመላልሳል። ምስኪን፣ እሑድ የሚያገባት ልጅ ሽማግሌዎች ሊመጡ፣ ሙሽራው ሳህን ተሸክሞ ሲሮጥ ይውላል።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ አልደብቅም። አጁሉ ከመሄዷ በፊት አጥሩን ዞራ መጥታ አንድ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ሰጠችኝ። ሁለት ድርድር ዲሙይ። ሰማያዊ ዶቃ ነው፤ አኙዋኮች ወንድ ልጃቸው ሲያገባ ለልጅቷ ቤተሰብ የሚሰጡት። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ እንጂ ሱቅ ተሄዶ የሚገዛ አይደለም። አንዱ ድርድር አባንግ ስታገባ የመጣ ነው። በእህት የመጣ ለወንድም ነው፣ ስለዚህ የኦሞድ። ሌላው የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም የጋሽ ኦኬሎ ነው፣ ለእሳቸው ልጅ የተቀመጠ። ባሏ ታላቅ ስለነበር ሁሉም እሱ ቤት ነበር የሚቀመጠው።

ክሩ በስብሷል፣ አንቺ ጠንካራ ክር አለሽ፣ እንደገና ደርድሪልኝ አለች። ቤቴም ባዶ ነው፣ አንቺ ዘንድ ይሁን አለች። አብረን ቆጠርን። አታስቢ አልኳት። ክር ከሆነ የኔ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ከ/ሰ

ሙቀት። ቆርቆሮው ይንጣጣል። የአረንጓዴው ሹራብ አንድ እጅጌ ቀርቷል። ጎሬ ለምትኖር አስተማሪ ነው፤ እዚያ ብርድ አለ፣ በአውቶቡስ እልከዋለሁ። እዚህ ሰው ላቡን ሲጠርግ እኔ የሱፍ ክር ጭኔ ላይ አስተኝቼ እሠራለሁ። ከፊት ለፊት ያለችው ባለሱቋ ዘሃራ ዛሬም አለፈችና፣ አስቴር፣ ፀሐይዋን ልታለብሻት ነው ወይ አለችኝ። ልኳን አምጪልኝ አልኳት።

ሻምበል እንደ ልማዱ። ወንድሜ ከአቦቦ ያመጣልኝ ቡችላ። ና ሲሉት ይቀመጣል፤ ተቀመጥ ሲሉት ይሄዳል። ዛሬ መንገድ መሃል ተኝቶ አልነሳም አለ። ባለባጃጁ ጥሩንባ ነፋ፣ ነፋ፣ መጨረሻ ወርዶ ተሸክሞ አመጣልኝ። ይሄ ውሻሽ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቀኝ ነው የተኛው ብሎ ሄደ።

ዘሃራ ውሻ አትነካም። ግን ከምሳ የተረፈ አጥንት በረንዳው ጫፍ ላይ ታኖራለች። ለድመት ነው ትላለች። ድመት የላትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 12። 10 ሰዓት

ልጻፍና ይውጣልኝ።

ውሃ መጣ ተባለ። ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ጨርቁ ወንበር ላይ፣ አዲሱ ክር አጠገቡ፣ ተመልሼ ልደረድር። ስመለስ ሻምበል ወለሉ መሃል ቁጭ ብሏል። ከአፉ የበሰበሰ ክር ተንጠልጥሏል። ዶቃው አልጋ ሥር፣ ሳጥን ሥር፣ ጫማዬ ውስጥ። ሁለቱንም ድርድር አኝኮ በጥሷቸዋል።

አፉን ከፍቼ ጣቴን ከተትኩ። ባዶ። በጉልበቴ እየዳህኩ ለቀምኩ። ቆጠርኩ። ሁሉም አለ፣ ጌታ ይመስገን።

ግን ተቀላቅሏል። የቱ የኦሞድ፣ የቱ የጋሽ ኦኬሎ ልጅ? አይታወቅም።

ማታ 1 ሰዓት

ቀኑን ሙሉ ክር ስለይ የምውል ሴት ዶቃ መለየት ያቅተኛል? ነጭ አንሶላ አነጠፍኩ። ደማቁን ከደማቅ፣ የደበዘዘውን ከደበዘዘ፣ ልሙጡን ከልሙጥ። በጥሩ ክር ደረደርኩት። ሲያምር። ለራሴ እንኳ ጎሽ አስቴር አልኩ።

ዘሃራ ስኳር ልትሰጠኝ ገባች። እግሯን ከሻምበል አርቃ ቆመችና አየችው። የትኛው የኦሞድ ነው አለች።

ሁለቱን ጎን ለጎን አነሳኋቸው።

ለካ እንደ ሹራብ ክር ነው የለየሁት፣ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ። ድሮ ሁለቱም ድርድር ውስጥ ደማቁም የደበዘዘውም ነበረ። አሁን አንዱ ሁሉ ያማረ፣ ሌላው ሁሉ የተሸራረፈ። ያማረውን ለኦሞድ ብል ጋሽ ኦኬሎ አጁሉ ምርጡን ወሰደች ይላሉ። ለእሳቸው ብል እሑድ ሽማግሌዎቹ የደበዘዘውን አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ የኦሞድ ጋብቻ እዚያው ይቀራል።

ዘሃራ ከሁለቱም አደባልቀሽ እኩል አድርጊው፣ ማን ያውቃል አለች። ለእኔ አዝና ነው። እኔ አውቃለሁ አልኳት። ስኳሩን አስቀምጣ ሄደች።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ሆ/ል ሄድኩ። ሹራቡን እንኳ አልያዝኩም። አጁሉ ቀና ብላለች፣ ፊቷ ወዝ አግኝቷል። ከታመመ ሰው ጋር እንዴት እንደሚጀመር ስላላወቅሁ ዝም ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ውሻው የዋጠው አለ ወይ አለች። የለም አልኩ። እስኪያስላት ሳቀች። አባንግ ተቆጣችን፣ ታማሚ ናት እኮ ብላ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩን ነገረችኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጋሽ ኦኬሎ ቤቷ አይመጡም። የእኔን ለይታ ትስጠኝ ብለው ሰው ልከዋል። ክሩ በስብሷል እያለች አዘግይታለች። አሁን ተቀላቀለ ቢባል ሆን ብላ ያደረገችው ይመስላቸዋል። አጎትየው ደግሞ አብረው ካልተቀመጡ ሽማግሌዎቹ ገና ከበሩ ይመለሳሉ።

ኦሞድ ይንገራቸው አልኩ። እምቢ አለች። እሱ ሙሽራ ነው፣ ሙሽራ የሚለውን ማን ያምናል? አንቺ ሂጂ። ውሻው ያንቺ፣ ምላሱም ያንቺ።

እሺ አልኳት። እውነቷን ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ከ/ሰ

ጋሽ ኦኬሎን ባሮ ዳር አገኘኋቸው። ዛፍ ሥር መረብ ይጠግናሉ። ሰላምታዬን ተቀበሉ፣ ተቀመጪ አላሉም። ተቀመጥኩ።

ከውሃው ጀምሬ እስከ አንሶላው ነገርኳቸው። እጃቸው አልቆመም። መረብ ሲጠግኑ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ቋጠሮው ከእኔ ይጠብቃል። ክሩን በጥርሳቸው እየያዙ፣ ያንን ቀዳዳ፣ ያንን ቀዳዳ።

ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። የእኛ ዲሙይ አንቺ ቤት ምን ይሠራል?

እናቴ ከከምባታ በሰፈራ የመጣች፣ እኔ አቦቦ የተወለድኩ። እዚሁ አድጌያለሁ። ያቺ ጥያቄ ግን ወጋችኝ። አጁሉ ጎረቤቴ ስለሆነች ነው አልኳቸው። ሌላ መልስ የለኝም አልኳቸው።

ሂጂ አሉኝ።

መጣሁ። ሹራቡን አነሳሁ፤ እጅጌውን ሁለቴ ተረተርኩት። ሻምበል እግሬ ሥር ገብቶ አልወጣም ብሏል። ተውኩት።

እሑድ፣ የካቲት 15። ጠዋት 2 ሰዓት

ጸሎት ቤት አልሄድኩም። ኳየሩ ያለ እኔ ይዘምራል። ሽማግሌዎቹ 5 ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ኦሞድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የእናቱን ግቢ ብቻውን ይጠርጋል። አጎቱ ይመጣሉ ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት።

4 ሰዓት

ጋሽ ኦኬሎ መጡ።

በሬ ላይ ቆመው አንኳኩ። ሻምበል መንገዱ ላይ ተጋድሞ አላሳልፍም አለ፤ ተሻግረውት ገቡ። ዲሙዩን አምጪው አሉ። ሁለቱን ድርድር መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ክሩን አዩ እንጂ ዶቃውን አላዩም። ይሄንን ቋጠሮ ማን አስተማረሽ አሉ። ብቻዬን ነው አልኩ። ጥሩ ነው አሉና ቢላቸውን አውጥተው ሁለቱንም ቆረጡት።

ዶቃው አንሶላው ላይ ፈሰሰ፣ አንድ ክምር።

ከዚያ ቁጭ ብለው ተናገሩ። ብዙ አይናገሩም ነበር፣ ዛሬ ተናገሩ። ወንድማቸው በሕይወት እያለ ሁሉም በአንድ ክር ነበር። ሁለት ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ አሉ፣ ከቀብሩ በኋላ ተናድጄ። አሁን አንድ አድርገሽ ደርድሪ። ኦሞድ የተጠየቀውን ከዚህ ይስጥ፣ የተረፈው የልጄ ነው። ካነሰም እኔ ሴት ልጅ አለችኝ፣ ስታገባ ይመጣል።

አጁሉስ አልኩ። ከዚህ ስወጣ ሆ/ል ነኝ አሉ። እኔው እነግራታለሁ፣ ምላሱ ዛሬ የእኔ ነው።

ዘሃራን ጠራኋት። ሱቋን ዘግታ መጣች። እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ እሷ ታቀብላለች፣ እኔ እደረድራለሁ። ደማቅ፣ ደብዛዛ፣ የተሸረፈ፣ እንደመጣ። አላምርም ብሎኝ እጄ ሊያስተካክል ሲል ዘሃራ በዓይኗ ታየኛለች። ተውኩት። ተሰጥቶ የሚተርፈው ደግሞ አጁሉ ከሆ/ል እስክትወጣ እዚሁ ይቀመጥ ብለዋል ጋሽ ኦኬሎ፣ አንቺ ዘንድ። እሺ ብያለሁ። የሳጥን ቁልፍ ዛሬውኑ ከዘሃራ ሱቅ እገዛለሁ።

የመጨረሻውን ቋጠሮ አሰርኩ። ውጭ ድምፅ አለ። ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ኦሞድ ለእናቱ ምግብ ሊያደርስ ስለሄደ የአጁሉ ቤት ተዘግቶ አይተው ግራ ገብቷቸዋል። ጋሽ ኦኬሎ ብድግ ብለው ወጡ። በእኔ በር ላይ ቆመው ወደዚህ ነው፣ ወደዚህ ግቡ ይሏቸዋል። ይሄ የማን ቤት ነው ብለው ጠየቋቸው መሰለኝ። እሳቸውም የእኛው ነው አሏቸው።