ለዳውሌት ያላደረስኩት ቃል

ጥር 26፣ ሰኞ
ትናንት ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። ዝናብ፣ ንፋስ፣ ያው የሆላንዷ ስኪዳም ክረምት። በእረፍት ሰዓት አሰልጣኛችን ዳውሌት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቶ ልጆቹ ላይ በሩሲያኛ የስድብ መዓት አወረደባቸው። የሰከሩ ላሞች ናችሁ፣ እግራችሁን ለማን አከራይታችሁት ነው... ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ተርጉም» አለኝ። አሰልጣኙ ትንሽ ትኩረት ጨምሩ ይላል አልኳቸው በሆላንድኛ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ የሚል ሽማግሌ ነው ይሉታል። የሚወዱት እኔ የምነግራቸውን ዳውሌት ነው።

ልጄ ቢታንያ ጨዋታውን ልታይ መጥታ ነበር። ስንመለስ መኪና ውስጥ ሳቀችብኝ። «ፓፓ፣ እሱ አምስት ደቂቃ ጮኾ አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረስከው። ኸዎን፣ ዝም ብለህ እንዳለው አትነግራቸውም?» እዚህ ተወልዳ ምን ታውቅ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ
ለዳውሌት አፉም ጆሮውም ሆኜ ሦስት ዓመቴ። ሴት ልጁ ዴን ሃግ ከተማ ስለምትኖር ነው የመጣው፤ ሆላንድኛው ከ«ሩጥ»ና ከ«ቁም» አያልፍም። የእኔ ሩሲያኛ ከዳውሌት አገር፣ ከአልማ አታ ነው፣ ለእርሻ ትምህርት ከሄድኩበት። ያኔ እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር። አማካይ፣ ስምንት ቁጥር። በረዶ ላይ ኳስ ሲያከፋፍል አይቼዋለሁ... ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ብርዱን ረስቼ። በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ጉልበቱ ተበላሽቶ ጫማውን ሰቀለ። ከዚያ እዚያው አገሩ ካራጋንዳ አሰለጠነ፣ ሺምኬንት አሰለጠነ። አሁን ስኪዳም፣ ከእኔ ጋር።

ዛሬ የክለቡ ሊቀመንበር ሄንክ ጠራን። ዙሪያ ጥምጥም የለም። ውሉ ሰኔ ላይ ያበቃል፣ አናድስም፣ ቁርጥ ነው፣ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ከአሁኑ እንነግረዋለን አለ። ዳውሌት ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እና ምን አልኩት? ዓመቱ ከብዷቸዋል፣ ሰኔ ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገር ይላሉ። እሱ ደግሞ፣ ይሄ ድንች ነጋዴ ስለ ኳስ ምን ያውቃል፣ ንገረው አለኝ። ለሄንክ፣ ስለ አክብሮታችሁ ያመሰግናል አልኩት። ተጨባበጡ።

ውሸት ነው? ሽምግልና እኮ እንዲህ ነው። የትነበርሽንና ባሏን ኡራኤልን ሳስታርቅ ሦስት ወር ሙሉ ከእሷ ቤት ዲመን እሱ ወዳለበት ኖርድ ተመላልሻለሁ። የእሷን ስድብ ዋጥኩ፣ የእሱን ዛቻ ዋጥኩ፣ ናፍቃሃለች፣ ናፍቆሻል እያልኩ... ይኸው አብረው ይኖራሉ። ሰው ሲበርድለት ሌላ ነው የሚናገረው። ሄንክም ይበርድለታል። ሁለት ሦስት ጨዋታ ብናሸንፍ...

መጋቢት 4፣ ሐሙስ
ከልምምድ በኋላ ዳውሌትን ወደ ቤቱ ሳደርሰው ነገረኝ። ከሺምኬንት ተደውሎለታል። የወጣት ቡድን፣ የሁለት ዓመት ውል፣ መልሱን እስከ ነገ ይፈልጋሉ። «እዚህ ግን ሰኔ ላይ እንነጋገር ብለውኛል» አለ። «በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ቃሌን አላጥፍም። ይፈልጉኛል አይደል?»

እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን አየሁ፣ እየሳቀ ነው። «በጣም ያከብሩሃል» አልኩት።

ይፈልጉሃል አላልኩም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ደጋገምኩት። ምን ልዩነት አለው?

መጋቢት 5
ጠዋት ልነግረው ስልኬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ። ከሰዓት በኋላ ደውሎ፣ እምቢ አልኳቸው አለኝ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ
ፋሲካ አለፈ። አራት ጨዋታ አሸንፈናል። ሄንክን ለብቻው አግኝቼ እስቲ እንደገና አስቡበት ብዬ ለመንኩት። ግራ ገባው። አዲሱ አሰልጣኝ ፈርሟል አለኝ። ያኔ ስንነግረው አመስግኖን አልነበረም እንዴ? አዎ አልኩ። ሌላ ምን ልበል... ያመሰገነው ማን ሆነና።

ግንቦት 4፣ ሰኞ
ዳውሌት የአዲሱን አሰልጣኝ ፎቶ በክለቡ ድረ ገጽ ላይ አየው። ደወለልኝ። አልጮኸም። «ወልደየስ፣ በየካቲት ያሉት ምን ነበር?» ነገርኩት፣ አሁን፣ ሁሉንም። «ሺምኬንት ሌላ ሰው ቀጥረዋል» አለና ዘጋው።

ለእሱ ብዬ ነው እንዳልል... ለእሱ ብዬ አይደለም። ፊቱ ሲጠቁር ማየት የፈራሁት እኔ ነኝ።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ
ከሄንክ ጋር ስብሰባ ተደረገ። የዳውሌት ልጅ ከዴን ሃግ መጣች። ሁለቱንም ቋንቋ ስለምታውቅ እሷ ትተርጉም ብዬ ነበር። ዳውሌት እምቢ አለ። አንተ ትተረጉማለህ፣ እሷ ትሰማለች አለኝ።

ሄንክ ያለውን እንዳለ አቀረብኩ። ዳውሌትን አይጠሉትም፣ ግን ልጆቹ ምን እንደሚፈልግባቸው ሦስት ዓመት ሙሉ አልገባቸውም አለ። ይህንም ተረጎምኩ። በምን ይግባቸው? ቁጣውን ሁሉ በሩ ላይ የማስቀረው እኔ። ለካ ያጠፋሁት አንድ ቀን ብቻ አይደለም።

ከዚያ ዳውሌት ተነሳ። ቀስ ብሎ፣ እንድከተለው እያቆመ ተናገረ።

«ይሄ ሰው በሃያ ዓመቴ ስጫወት አይቶኛል። በዚህ አገር የሚያውቀኝ አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር። የመጨረሻ ሥራዬን ያሳጣኝ እሱ ነው። ተርጉም።»

ተረጎምኩ። ስለ ራሴ «ይሄ ሰው» እያልኩ። አንድ ቃል አላለሰለስኩም። ሄንክ ጠረጴዛውን ያያል። ልጅቷ ለአባቷ፣ ትርጉሙ ልክ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። ዳውሌት ሳይጨብጠኝ ወጣ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ
ዳውሌት ባለፈው ሳምንት ካራጋንዳ ሄደ፣ እህቱ ዘንድ። ሥራ አላገኘም። የሰማሁት ከተጫዋቾቹ ነው፤ የእኔን ስልክ አያነሳም።

ትናንት የትነበርሽ ደወለች። እንደገና ተጣልተዋል፣ ኡራኤል ኖርድ ወንድሙ ቤት ገብቷል። «ጋሼ ወልደየስ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። ሁለተኛ ቤቴ እንዳይመጣ» አለችኝ። ዛሬ ሄድኩ። ወደ ኖርድ የሚያሻግረው ጀልባ ላይ ቆሜ ለስለስ ያለው ቃል ራሱ መጣልኝ፣ ከልምድ። ተናዳ ነው፣ ትንሽ ጊዜ ስጣት... ተውኩት።

ኡራኤል በሩን ሲከፍት ፈገግ አለ። እንደ ዱሮው ደግ ወሬ ይዤ የመጣሁ መስሎታል። ሁለተኛ ቤቷ እንዳትመጣ ብላለች አልኩት። ሌላስ አለኝ። ሌላ የለም። ግባ እንኳ ሳይለኝ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ቤት ስገባ ቢታንያ እንዴት ነበር አለችኝ። ደህና፣ ይመስገን ልል ነበር። መጥፎ ነበር አልኳት።