ጉበቱ የእኔ ነው

ልጄ፣

ከመጀመሪያው የጉበት ሙከራ ሕክምና ያስቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ለሐኪሙ ደውለሽ አባቴን አታስገቡት አልሽ፤ እኔ ግን ቦታው ሞልቷል ተባልኩ። እውነቱን የነገረኝ ሐኪሙ ራሱ ነው። ይህን ውጬ ሰላምታ ባስቀድም ውሸት ይሆንብኛል።

አሁን እንዴት ነሽ? ላቦራቶሪ ውስጥ ስታጎነብሺ የሚያምሽ ትከሻሽ ተሻለሽ? ባልሽስ? ትንሿስ አደገች? እናትሽ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደኅና ናት። የእኔ ሆድ ግን እያበጠ፣ ቀበቶዬ ቀዳዳ ስለጨረሰ እሷው በምስማር አዲስ በስታልኛለች።

የላክሽልኝን የጉበት ሥዕል ከመጋዙ ጎን ሰቅዬዋለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አይቶት፣ ጋሼ፣ አናጢነቱን ትተው ሥጋ ቤት ሊከፍቱ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ጉበቱን የታመመ ሁሉ ጠጪ ለሚመስለው ሰፈር፣ መጠጥ በአፌ ዞሮ እንደማያውቅና በሽታው ከቫይረስ እንደመጣ ማስረዳት ታክቶኛል።

የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ያኔ በመጀመሪያው ሙከራ የተሰጡት ግንድ ሴሎች፣ አዲስ የጉበት ሥጋ ያበቅላሉ የተባሉት፣ ጉበቱ ላይ ያለው ጠባሳ ውስጥ እንደገቡ አብዛኞቹ ሞቱ፤ ለታማሚዎቹም ጠብ ያለላቸው ነገር የለም። አሁን መጀመሪያ ጠባሳውን የሚያላላ መድኃኒት ትሰጣላችሁ፤ ሴሎቹንም ነጠላ ነጠላ ሳይሆን እንደ ዘለላ ተያይዘው እንዲያድጉ አድርጋችሁ ታስገባላችሁ። በአይጦቹ ላይ ጠባሳው ቀንሷል፤ በሰው ላይ ገና አልታወቀም። ይህን ሳትሸፋፍኚ መጻፍሽን ወድጄዋለሁ።

ያኔ ልክ ነበርሽ። ልክ መሆንሽ ግን ሳትጠይቂኝ መወሰንሽን አያጥበውም። ሰው ሳያስተምረኝ፣ የተሰበረ ወንበር እየፈታሁ ወንበር መሥራት የተማርኩ ነኝ። ሊበላሽ የሚችል ነገር አያስፈራኝም፤ ከኋላዬ የሚወሰን ነገር ነው የማልወደው።

አሁን ግን፣ አባባ፣ አዲሱን ሕክምና ሊሞክሩት ይፈልጋሉ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ፣ እመጣለሁ። ሌላ ሐኪም ይከታተለኝ፤ አንቺ ልጄ ሆነሽ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጪ። ሴሎቹ እኔም ውስጥ ከሞቱ፣ ከእናትሽ በፊት ለእኔ ንገሪኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ትንሿን ሳሚልኝ፤ ወንበሯን ቀለም ቀብቼ ጨርሻለሁ፣ ይዤላት እመጣለሁ። እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። ልብስ ሰፊውም ከጉበቱ አንድ ኪሎ አስቀምጡልኝ እያለ ሰላም ብሎሻል።

ያንን ነገር ግን ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ወጥቶልኛል። ስንገናኝ ይቅርታ ልትጠይቂኝ ብትጀምሪ ተነስቼ እወጣለሁ። እኔም እስክሞት ዳግመኛ አላነሳውም።

አባትሽ
ከአናጢ ቤቱ፣ ጥር ፱ ቀን ጠዋት