ሸክላ ተብሎ ስለተወሰደው እንስራና ስለ አቶ ዳና ጥሩንባ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ወላይታ ሶዶ
ነሐሴ 2003 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዳሞታ ተራራ የጸና፣ ስብሰባዎ ሁሉ ምልአተ ጉባኤ የሞላለት፣ የሻይ ዕረፍትዎም በባለጉዳይ ያልተቋረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሄኖክ ጉልላት እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው በላይ የጽሕፈት መሣሪያ የምሸጥ፣ የድሮ የሙዚቃ ሸክላ ማዳመጥ የምወድ፣ ማታ ያዳመጥሁትንና ስለ አገር ጉዳይ ያሰብሁትንም በየማለዳው በካርቶን ላይ ጽፌ በሱቄ በር የምሰቅል ነዋሪዎ ነኝ። ከአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይልቅ ካርቶኔን በጥሞና የሚያነቡልኝ እርስዎ መሆንዎን በቅርቡ ተረድቻለሁ፤ አንባቢ ለቸገረው ጸሐፊ ይህ ቀላል ውለታ አይደለምና እግዜር ይስጥልኝ። ድፍረት ካልሆነብኝ ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፦ ባለፈው ወር የሰቀልሁት ጽሑፍ ቃል በቃል እንዲህ ይል ነበር፤ «የትናንቱ ሸክላ ተጭሯል። ዘፋኙ ነገ እመጣለሁ ሊላት ይጀምርና ነገ፣ ነገ፣ ነገ ሲል ያመሻል። ብንወደውም ሰለቸን።» እርስዎ በዋዜማው ምሽት በስብሰባ ላይ የቧንቧው ውኃ ነገ ይገባል ብለው መናገርዎን እኔ በእውነት አላወቅሁም ነበር፤ ከስብሰባው ቀርቼ ሸክላ ሳዳምጥ ነበርና። ስለ አንድ ምስኪን አፍቃሪ የጻፍሁት እርስዎን የሚነካ መስሎ ከታየዎት ይቅርታዎን እጠይቃለሁ፤ እኔ ግን የማንንም ስም አልጠራሁም፤ አቤት ያሉት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፦ የቀበሌያችን ታጣቂ ቦልቴ «በቤቱ የሚገኘው ሸክላ በሙሉ ተሰብስቦ ይምጣ» የሚል ትእዛዝዎን ይዞ ሲመጣ እኔ ሱቅ ነበርሁ። ቦልቴ ከቢጠና የመጣ ጨዋ ልጅ ነው፤ አማርኛ የተማረው ከተማ ከገባ ወዲህ ቢሆንም ሸክላ ማለት ከጭቃ የተሠራ ዕቃ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ አልተሳሳተምም። ስለዚህ የባለቤቴን የይመኙሻልን እንስራ፣ ገንቦዋንና የወጥ ድስቷን በጋሪ አስጭኖ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ወሰደ። ኮሚቴዎ እንስራውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ፖለቲካው በየት በኩል እንደሚወጣ ሲመካከር መዋሉን ሰምቻለሁ። በዚያ ቀን ቤታችን ወጥ አልተሠራም፤ ይመኙሻልም ስለ አስተዳደርዎ የተናገረችውን በካርቶን ላይ ለመጻፍ ወኔው የለኝም። ዕቃዎቹ በማግስቱ በክብር ተመልሰዋል። ድስቱ ብቻ አንድ ጆሮ ጎድሎት መጣ፤ ጽሕፈት ቤቱ ጆሮ ቸግሮት ከሆነ በልግስና ትተንለታል።

ሦስተኛ፦ ቦልቴ ከብዙ ይቅርታ ጋር ተመልሶ ማጫወቻዬንና የዘፈኑን ሸክላዎች ሲወስድ፣ ግለ ሂስ ካቀረብሁ እንደሚመለሱልኝ ነገረኝ። ይኸው አቀርባለሁ። ሙዚቃ እወዳለሁ። የወደድሁትን እጽፋለሁ። የጻፍሁት ነገር ገብቶት የሚቆጣ ሹም ይኖራል ብዬ አለመጠርጠሬ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ድክመቴ ነው፤ ለወደፊቱ አስቤበት እጽፋለሁ።

የእኔስ ይሁን፤ ጎረቤቴ አቶ ዳና ግን ምን አጠፉ? በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ጥሩንባ ይነፉ ነበር። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጥርሳቸውም አልቆ መንፋት አይችሉም፤ የነፉት ሁሉ በነፋስ ሄዶ አንዲት ሸክላ ላይ ብቻ ቀርቷል፣ ያቺም ዛሬ እርስዎ ዘንድ ናት። እሑድ እሑድ እኔ ቤት መጥተው ሲያዳምጧት ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ሆነው ጥሩንባውን ይከተሉ ነበር፤ ካበቃም በኋላ ለጥቂት ጊዜ አያቆሙም ነበር። አዲሱ ዓመታችን ጊፋታ ሊገባ ነው። ሽማግሌው በዓሉን ያለ ድምፃቸው እንዲውሉ መደረጉ ያናድደኛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያሳዝነኛል።

ለማመስገንም የምቸኩል ሰው ነኝ። በምሳ ሰዓት ሸክላዎቼ ከቢሮዎ መስኮት እንደሚሰሙ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አቶ ዳናን ጨምሮ ብዙ ሰው በግቢው ጥላ ሥር ይሰበሰባል፤ በዚያው ወደ ከሰዓቱ ስብሰባ ይገባል። ለበላይ አካል በላኩት ሪፖርት ላይ የሕዝቡ ተሳትፎ በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል መባሉም አስደስቶኛል፤ ለልማት ያደረግሁት ብቸኛ አስተዋጽኦ ስለሆነ ስሜ ባይጠቀስም ቅር አይለኝም።

ማጫወቻዬና ሸክላዎቼ ለጊፋታ ይመለሱ ዘንድ እጅ ነሥቼ እየለመንሁ፣ ወንበርዎ እንዲረጋ፣ ቧንቧዎም አንድ ቀን እንዲያስነጥስ የምመኝ፣ ከአንባቢዎችዎ ሳይሆን ከተነባቢዎችዎ አንዱ፣

ሄኖክ ጉልላት

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ የአቶ ዳናን ሸክላ ሁልጊዜ የሚያጫውተው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ የእርሳቸው ጥሩንባ ያለው በሌላው ፊት ነው። በቅዳሜው ስብሰባ ስለ መልካም አስተዳደራችን አስተያየት እንዲሰጡ ሲጋበዙ ተነሥተው፣ «ይሄኛው ፊቱ በጣም ቆየ፤ የሚገለበጠው መቼ ነው?» ማለታቸው እንዳስደነገጠዎት አይቻለሁ። ሽማግሌው የጠየቁት ስለ ሸክላው ብቻ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ አዳራሹ በሙሉ ስለ ምን እንዳጨበጨበ ግን አጨብጫቢዎቹን አንድ በአንድ መጠየቅ ይኖርብዎታል።