ጥቁር ሰገባ

ኅዳር 9። አባባ ክራንቻውን ሰበረ።

ቀውላላው ወንድሜ፣ ጤናህ እንደ ሰይፍህ የተሳለ ይሁን፤ እኛ ደህና ነን። አባባ የሰበረው አጥንት ሲግጥ ነው። እማማም «የእኛ የኦርኮች ክራንቻ የሚሰበረው ጦር ሜዳ ነበር፤ ያንተ እራት ላይ!» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀችው።

ሥራም አልጠፋም። ትናንት የእናንተ የቃል ሰይፈኞች አለቃ መጥተው ሰገባ እንድሰፋ አዘዙኝ፤ ጥቁር። በሕይወት ያለ ሰይፈኛ ቀይ ይታጠቃል፣ ጥቁሩ ለወደቀ ነው። «የማን ነው?» ብላቸው፣ «ሰይፉ ሰገባው ውስጥ ሳይገባ ስም አንጠራም፤ ምለናል እኮ፣ ልጄ» አሉኝና የሰይፉን የልክ ገመድ ሰጥተውኝ ሄዱ።

መቼም የሰይፋችሁ ርዝመት በባለቤቱ ክንድ ልክ ነው። ስትሄድ የክንድህን ልክ የሱቁ መቃን ላይ ጭረን አልነበር? ገመዱን ለጨዋታ ያህል ብዘረጋበት ልክክ አለ። ሌላም ቀውላላ አላችሁ ለካ!

ክንድህ አድጎ ከሆነ ጻፍልኝ፤ ባያድግም ጻፍልኝ። አባባ በጎዶሎ ክራንቻው ስሞሃል። ወስፌውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ቆዳ ልገዛ እየወጣሁ ነው። ጥቁሩ ነገ ይደርሳል፤ ዛሬ ላንተ ቀይ እገዛለሁ።

እህትህ