አረፋ ያልወጣው ሰልባትዮ

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲

ባለቤቴ በላይ መሬት ላይ ቆሞ በሪሞት የሚያበርራት ትንሿ አውሮፕላን ባለፈው ዓርብም አየር ላይ ሳለች ሞተሯ ጠፋ። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ከጭስ ማውጫው በቀጭን ቱቦ ወደ ሰልባትዮው፣ ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያዋ፣ የሚገባው ግፊት ነው። ሰልባትዮው የሚያስተነፍስ ከሆነ ሞተሩ ነዳጅ ያጥረዋል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፈተሽነው። እኔ የታጠበውን ሰልባትዮ ሳፋ ውሃ ውስጥ ደፍቄ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ በጣቴ ደፈንሁ፤ በላይ እንደ ወትሮው በግፊት ቱቦው በአፉ ነፋ። አንድም አረፋ አልወጣም።

«አየሽ፣ ሰልባትዮው ደህና ነው። ጥፋቱ የካርቡራተሩ ነው» ብሎ ሊቀመጥ ሄደ።

እኔ ሁለት ጊዜ ያልፈተሽሁትን አላምንም። ቱቦውን ጠርጌ ራሴ ነፋሁ። በጎማ ውታፉ ዙሪያ አረፋው ተንጣጣ።

ሰልባትዮው ያስተነፍስ ነበር፤ የበላይ ትንፋሽ ነው ያነሰው።

ባለፈው ሳምንት የኢትዮጵያ ጎዳናን ዳገት በእግር ስንወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ መንገዱ ዳር ያለውን የቤተ ክርስቲያን በር ሲመለከት፣ «ዛሬ ደግሞ ምን አዲስ ነገር አገኘህበት?» ብዬ ቀልጄበት ነበር።

«አንቺ ስትሮጪ መቼ አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ለካ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር።

ውታፉን ቀየርሁት። «ምን አገኘሽ?» ሲለኝ «ምንም» አልሁት።

ለእሑድ ያስያዝሁለትን የሐኪም ቀጠሮ ሰርዢው ካለኝ ሦስት ቀኑ ነው፤ ደህና ነኝ ይላል። አልሰረዝሁም። አረፋውን ካልነገርሁት ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ከነገርሁት ደግሞ ያችን ቱቦ ዳግመኛ ወደ አፉ አያስጠጋትም፤ አውሮፕላኗንም ለሰው ይሰጣታል። አውቀዋለሁ።

አሁን ካርቡራተሩን ፈትቶ እያጸዳ ነው። ካርቡራተሩ ምንም አልሆነም።